ካትሊን ኬንየን፦ የኢያሪኮን ዕድሜ ከአፈር ንብርብር ያነበቡ አርኪኦሎጂስት

የአፈር ንብርብርንና ግኝትን በጥንቃቄ መዝግቦ በመያዝ ስማቸው በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚነሣው ካትሊን ኬንየን እ.ኤ.አ. በ1906 በለንደን ተወለዱ። አባታቸው ሰር ፍሬደሪክ ኬንየን የብሪቲሽ ሙዚየም ዳይሬክተር ነበሩ። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ካጠኑ በኋላ በ1929 በታላቋ ዚምባብዌ ቁፋሮ በፎቶግራፍ አንሺነት ተሳትፈዋል። ከ1930 ጀምሮም ቬሩላሚየም በተባለችው የሮማውያን ዘመን ከተማ ከሞርቲመር ዊለርና ከባለቤታቸው ከቴሳ ዊለር ጋር ሠርተዋል።

በዚያ ያዳበሩት አሠራር ዛሬም ለሙያው መሠረት ነው። ቁፋሮው ሲካሄድ በጉድጓዶቹ መካከል ያልተነካ የአፈር ግድግዳ ይተዋል። በግድግዳው ላይ የሚታየው የአፈር ቀለምና ጥንካሬ፣ የአመድና የፍርስራሽ መስመር ተለክቶ በሥዕል ይሰፍራል፤ እያንዳንዱ ንብርብር ቁጥር ይሰጠዋል፤ የወጣው ገልም ሆነ አጥንት የንብርብሩ ቁጥር ተጽፎበት ለብቻው ይቀመጣል። ጥልቀትን ብቻ መለካት አያስተማምንም። በኋላ ዘመን የተቆፈረ የቆሻሻ ጉድጓድ አዲሱን ዕቃ ከጥንቱ ጎን ሊያወርደው ይችላልና። የተቆፈረ ንብርብር ደግሞ ተመልሶ አይገኝም። በአገራችንም በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ የቅርስ ቁፋሮ ማካሄድ የተከለከለ ሲሆን፣ በግንባታ ወይም በመሰል ሥራ ላይ ቅርስ ያገኘ ማንኛውም ሰው ወዲያውኑ የማሳወቅና ቅርሱን ባለበት ሁኔታ ጠብቆ የማቆየት ግዴታ አለበት።

የኬንየን ዋነኛ ሥራ እ.ኤ.አ. ከ1952 እስከ 1958 በኢያሪኮ የመሩት ቁፋሮ ነው። ከእርሳቸው በፊት በ1930ዎቹ በስፍራው የቆፈሩት ጆን ጋርስታንግ ያገኙትን የፈረሰ ቅጥር በመጽሐፈ ኢያሱ የተተረከው ነው ብለው ነበር፤ ብዙ ሰውም በደስታ ተቀብሎታል። ኬንየን ቅጥሩ ያረፈበትንና የተሸፈነበትን ንብርብር፣ በውስጡም የተገኘውን ሸክላ ሲመረምሩ ቅጥሩ ከተባለው ጊዜ በሺህ ዓመት ገደማ የሚቀድም ሆኖ አገኙት። የቤተ ክርስቲያን ሰው የነበሩት ኬንየን የአፈሩን ማስረጃ ለተወደደው ትረካ ሲሉ አላለዘቡትም። ከዚያም ወደ ታች ዘልቀው 8 ሜትር ያህል ከፍታ ያለውና በውስጡ 22 ደረጃዎች የያዘ የድንጋይ ግንብ አወጡ፤ ዕድሜውም ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 8000 ዓመት ይጠጋል። በ1953 ደግሞ ፊታቸው በኖራ የተለበጠና በዓይናቸው ስፍራ ዛጎል የገባባቸው የራስ ቅሎች ተገኙ።

ጠባብ ቦይ ቆፍረው ጥልቀትን ስለሚያስቀድሙ የቤቶችንና የመንደርን አቀማመጥ በስፋት አላሳዩም የሚል ትችት ይቀርብባቸዋል፤ ትችቱም መሠረት አለው። ይሁን እንጂ ከንብርብሮቹ ሥዕልና ከግኝቶቹ መዝገብ የተነሣ ሌሎች ባለሙያዎች ድምዳሜያቸውን ዛሬም እንደገና መመርመር ይችላሉ።

ኬንየን ከ1961 እስከ 1967 በኢየሩሳሌም ቆፍረዋል፤ ከ1962 እስከ 1973 በኦክስፎርድ የቅዱስ ሂው ኮሌጅ ኃላፊ ሆነው አገልግለዋል። ያረፉት በ1978 ሲሆን፣ የኢያሪኮ ቁፋሮ የመጨረሻዎቹ የዘገባ ቅጾች የታተሙት ከዚያ በኋላ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው።