ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ (እ.ኤ.አ. 1876 ገደማ – 1964) የኢትዮጵያ ገጣሚ፣ ድምፃዊና የመንግሥት ሹም ነበሩ። መኪና መንዳትና መጠገን እንዲማሩ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን የተላኩ ሲሆን፣ ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን የመኪና ነጂዎችና መካኒኮች አንዱ ናቸው። በዚያው ቆይታቸው ድምፃቸውን በሸክላ በማስቀረጽ የኢትዮጵያን ዘፈን ለመጀመሪያ ጊዜ በንግድ ሸክላ ላይ አኑረዋል። በልጅ ኢያሱ ዘመን ከፍተኛ ሹመት ያገኙ ሲሆን፣ ከልጅ ኢያሱ ውድቀት በኋላ ሹመታቸውን አጥተዋል። ዛሬ ይበልጥ የሚታወሱት በሰምና ወርቅ ግጥሞቻቸው ነው። የእግር ኳስ ሰው የነበሩት የይድነቃቸው ተሰማ አባትም ናቸው።

ትውልድና ዘመን

ተሰማ እሸቴ የተወለዱት በሸዋ፣ ምንጃር ነው። ምንጃር ዛሬ በአማራ ክልል በሰሜን ሸዋ ዞን ውስጥ የሚገኝ፣ በጤፉ የታወቀ አገር ነው። በልጅነታቸው ዘመን ማንኛውም ዕቃ ከቦታ ወደ ቦታ የሚሄደው በሰው ትከሻ፣ በአህያ፣ በበቅሎ ወይም በግመል ነበር። ሲራራ ነጋዴዎች ቡና፣ ጨው፣ የዝሆን ጥርስና ቆዳ ጭነው ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት ይጓዙ ነበር።

የባቡር ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። ከዚያ ወዲህ እስከ አዲስ አበባ ለመድረስ 15 ዓመት ፈጅቶበታል። በእነዚህ ዓመታት ከድሬዳዋ የተነሣ ዕቃ መሐል አገር የሚገባው ወይ በጨርጨር ደጋ በበቅሎ ወይም በቆላው በግመል ነበር። ለዋና ከተማው የሚመጣ ማሽን ሁሉ ተፈታትቶ በእንስሳ ጀርባ ይጫን፣ ወይም በመቶ በሚቆጠር ሰው ይጎተት ነበር።

የሞተር ኃይል ወደ አዲስ አበባ መግባት

በአዲስ አበባ መንገድ ላይ በሞተር ኃይል ሲንቀሳቀስ ከታዩት የመጀመሪያ ነገሮች አንዱ አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣው በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ ማሽን ነው። ሕዝቡ የሰርኪስ ባቡር ብሎ ሰየመው። በዚያን ጊዜ አማርኛ ባቡር የሚለው ቃል በሐዲድ ላይ የሚሄደውን ብቻ ሳይሆን በእሳትና በሞተር የሚሠራን ሁሉ ያመለክት ነበር፤ ወፍጮውም የወፍጮ ባቡር ይባላል። የሰርኪስ ባቡር በሕዝቡ ዘንድ ከመገረም አልፎ በግጥምና በአነጋገር ውስጥ ገብቷል።

ከዚያ ቀጥሎ መኪና መጣ። እንግሊዛዊው ቤዴ ቤንትሌይ ሲድሊ በተባለ መኪና ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1907 መጨረሻ ገደማ አዲስ አበባ ገባ። የመኪና መንገድ ባልነበረበት አገር መኪናው ገደልና ወንዝ ሲያጋጥመው በሰውና በእንስሳ ጉልበት እየተጎተተ ነበር ያለፈው። ብዙም ሳይቆይ አርኖልድ ሆልትዝ የተባለ ጀርመናዊ ናኬ በተባለው የጀርመን ፋብሪካ የተሠራ መኪና ይዞ መጣ። ምኒልክ በአዲሱ ነገር ተደስተው በመኪናው ተጓዙ።

ነገር ግን መኪናን ማስመጣትና በመኪና መገልገል የተለያዩ ናቸው። የዘመኑ መኪና ሞተር ከፊት በእጅ መዘውር ተዞሮ የሚነሣ፣ ጎማው ቶሎ ቶሎ የሚፈነዳ፣ በየጥቂቱ ጉዞ ዘይትና ውኃ የሚጠይቅ ነበር። ነዳጁም ከባቡሩ ጣቢያ በቆርቆሮ ተሞልቶ በእንስሳ ይመጣል። ጋራዥና መለዋወጫ መሸጫ ስለሌለ ነጂው መካኒክም መሆን ነበረበት። ከእንግሊዝና ከጀርመን የመጣው ነጂ ወደ አገሩ ሲመለስ መኪናው ቆሞ ይቀራል። ስለዚህ ከኢትዮጵያውያን መካከል ሙያውን የሚማር ሰው አስፈለገ።

ወደ ጀርመን ጉዞ

ኢትዮጵያና ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1905 በፍሪድሪክ ሮዘን የተመራው መልእክተኛ ቡድን አዲስ አበባ ከመጣ በኋላ በወዳጅነትና በንግድ ውል ተሳስረው ነበር። ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 ወደ ጀርመን ተልከው እስከ 1910 ድረስ ቆዩ። የተላኩበት ዓላማ የመኪና መንዳትና የጥገና ሙያ ተምረው እንዲመለሱ ነው።

በወቅቱ ወደ ውጭ የሚላኩ ኢትዮጵያውያን እጅግ ጥቂት ሲሆኑ፣ ከነዚህም አብዛኞቹ ቋንቋ፣ የጦር ትምህርትና አስተዳደር እንዲያጠኑ ነበር የሚላኩት። በአገር ቤት የእጅ ሙያ ያለው ሰው፣ ብረት ቀጥቃጩም ሸማኔውም፣ በንቀት ይታይ ነበር። ምኒልክ ይህን ንቀት የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። የቤተ መንግሥት ሰው ዘይትና ብረት የሚነካ ሙያ ሊማር መሄዱ ከዚህ አንጻር ሲታይ ቀላል ነገር አልነበረም።

የሸክላ ቀረጻ

ተሰማ በጀርመን ሳሉ ከመኪናው ትምህርት ጎን ለጎን ዘፈኖቻቸውን በሸክላ አስቀረጹ። የኢትዮጵያውያን ድምፅ ከዚያ በፊትም ተቀርጾ ያውቃል። ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በፎኖግራፍ መልእክት ልከው ነበር። ሆኖም ያ ለአንድ ሰው የተላከ መልእክት ነው። የተሰማ ቀረጻ ግን ተባዝቶ ለሽያጭ የቀረበ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ዘፈን ነው። የተቀረጹት ሸክላዎች ከአሥር ይበልጣሉ።

የዘመኑ ቀረጻ ያለ ኤሌክትሪክ የሚከናወን ነበር። ዘፋኙ በትልቅ ቀንድ መሰል ጡሩምባ አፍ ላይ ቆሞ ይዘፍናል፤ የድምፁ ኃይል በሌላው ጫፍ ያለውን መርፌ እያንቀጠቀጠ በሰም ላይ መስመር ይጭራል። ከዚያ ሰም ላይ ቅርጹ ተወስዶ ሸክላው ይታተማል። ስህተት ቢፈጠር ቆርጦ መቀጠል አይቻልም፤ ከመጀመሪያው መድገም ነው። በአንድ ገጽ የሚያዘው ጊዜም 3 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነበር። በግብር ቤትና በጨዋታ ላይ እንደ ሰሚው ሁኔታ ስንኝ እየጨመረ ረጅም ሰዓት መጫወት ለለመደ ሰው ይህ ጠባብ ገደብ ነው። በቀረጻዎቹ የሚሰማው ድምፅና ማሲንቆ ነው።

ሌላም ልዩ የሚያደርጋቸው ነገር አለ። በዘመኑ ማሲንቆ ይዞ መዝፈን የአዝማሪ ሥራ ተደርጎ ይቆጠር ነበር፤ አዝማሪም ለጨዋታው ቢፈለግም በማኅበራዊ ደረጃው ዝቅ ተደርጎ ይታይ ነበር። ተሰማ በአዝማሪነት የሚተዳደሩ ሰው ሳይሆኑ የመንግሥት አገልጋይ ነበሩ። ስለዚህ በአንድ ጉዞ ሁለት የተናቁ ሙያዎችን፣ የብረት ሥራንና ዘፈንን፣ በስማቸው አስጠርተዋል ማለት ይቻላል።

ነጋድራስነትና ሹመት

ተሰማ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ምኒልክ በጠና ታመው፣ የመንግሥቱ አልጋ ወራሽ ልጅ ኢያሱ ነበሩ። ተሰማ ለልጅ ኢያሱ ቅርብ ከነበሩት ሰዎች አንዱ ሆኑ። በዚህም ዘመን የነጋድራስነት ማዕረግ አገኙ፤ የፖስታ፣ የቴሌግራፍና የቴሌፎን ሥራንም በበላይነት መርተዋል።

ነጋድራስ የሚለው ማዕረግ ነጋዴና ራስ ከሚሉት ቃላት የተሠራ ነው። በጥንቱ አሠራር ነጋድራስ የሲራራ ነጋዴዎች አለቃ ሲሆን፣ ጉዞውን ይመራል፣ በነጋዴዎች መካከል የሚነሣውን ጠብ ይዳኛል፣ ከቀረጥ ተቀባዮች ጋርም ይነጋገራል። በኋላ ማዕረጉ መንግሥታዊ ሆኖ የገበያና የቀረጥ ሹም መጠሪያ ሆነ። ከመጀመሪያዎቹ የመኪና ነጂዎች አንዱ የበቅሎና የግመል ጭነት አለቆችን ጥንታዊ ማዕረግ መያዛቸው የሁለቱ ዘመናት መጋጠሚያ ላይ እንደ ነበሩ ያሳያል።

የመሩት መሥሪያ ቤትም አዲስ ነበር። ኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹን የፖስታ ቴምብሮች ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1894 ሲሆን፣ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው ደግሞ በ1908 ነው። የስልክና የቴሌግራፍ መስመሮቹ በእንጨት ምሰሶ የተዘረጉ በመሆናቸው ምስጥና አውሬ ያበላሿቸዋል፤ ሽቦውም ይሰረቅ ነበር። ደብዳቤ በፈረስና በእግረኛ መልእክተኛ በሚጓዝበት ጊዜ ይህን መሥሪያ ቤት መምራት የመንገድንና የማሽንን ነገር የሚያውቅ ሰው የሚፈልግ ሥራ ነበር።

የልጅ ኢያሱ ውድቀት

ልጅ ኢያሱ በመስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ተሻሩ። አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ከወሎ ጦር አስከትተው ቢመጡም በጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ ጦርነት ድል ሆኑ። ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፣ ተፈሪ መኮንን አልጋ ወራሽ ሆነው ሥልጣኑን ያዙ። በአዲሱ መንግሥት የልጅ ኢያሱ ወዳጆች በጥርጣሬ ይታዩ ጀመር። ተሰማም ሹመታቸውን አጥተው ለግዞት ተዳረጉ።

ልጃቸው ይድነቃቸው የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1921 በጅማ ነው። ልጅ ኢያሱም የተያዙት በዚሁ ዓመት ሲሆን፣ በእስር እንዳሉ በ1935 ሞተዋል።

ግጥሞቻቸው

ተሰማ እሸቴ በቅጽበታዊ ግጥምና በሰምና ወርቅ ችሎታቸው ስመ ጥር ናቸው። ሰምና ወርቅ አንድ ሐረግ ሁለት ትርጉም እንዲይዝ አድርጎ የመናገር ጥበብ ነው። ሰሙ ላይ ላዩን የሚሰማው ሲሆን፣ ወርቁ ቃሉን በሌላ መንገድ ከፍሎ ወይም አጥብቆና አላልቶ ለሰማ ብቻ የሚገለጥ ነው። ባለሥልጣንን በግልጽ መንቀፍ በማይቻልበት ዘመን ይህ ጥበብ ከጨዋታም በላይ ነበር። ሹመቱን ያጣ ሰው ቅሬታውን፣ ምስጋናውንና ምጸቱን በአንድ ስንኝ አስገብቶ ቢያሰማ፣ ሰሚው ወርቁን ቢደርስበትም ተናጋሪው በሰሙ ይከላከላል።

በቃል የተነገረ ግጥም ግን ሰሚው ሲያልፍ አብሮ ያልፋል። የተሰማ ግጥሞች ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፉ ከቆዩ በኋላ ልጃቸው ይድነቃቸው ሰብስበዋቸዋል፤ ሰምና ወርቅ በሚል ርዕስም ለመጽሐፍ በቅተዋል።

በሕይወታቸው ዘመን የጭነት መኪና እድገት

ተሰማ በጀርመን የተማሩት ሙያ በዕድሜያቸው ዘመን ከቤተ መንግሥት ወጥቶ የሺዎች መተዳደሪያ ሆኗል። ትልቁ ለውጥ የመጣው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጣሊያን ወረራ ጊዜ ነው። ወራሪው ጦሩን ለማጓጓዝ መንገዶች ሠራ፤ ፊያትና ላንቺያ የጭነት መኪናዎችንም በብዛት አስገባ። ከድሉ በኋላ የቀሩት መኪናዎች የአገሪቱ የጭነትና የሕዝብ ማመላለሻ መነሻ ሆኑ።

የዚያ ዘመን አሻራ በሾፌሮችና በመካኒኮች ቋንቋ ውስጥ ዛሬም አለ። መኪና፣ ጎማ፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ካንዴላ፣ ታርጋ፣ ሊብሬ፣ ቦሎ የሚሉት ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ሎንቺና የሚለው የድሮ መጠሪያ ከላንቺያ የወጣ ነው። ሾፌር የሚለው ቃል ግን የፈረንሳይኛ ሲሆን፣ መጀመሪያ የሚያመለክተው በእንፋሎት ማሽን ውስጥ እሳት የሚያነድደውን ሰው ነበር።

የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ1951 ተቋቋመ፤ በ1952 ኤርትራ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ስትዋሐድ ደግሞ የአሰብ መስመር ዋና የጭነት መንገድ እየሆነ መጣ። ፊያት ኤንትሬ ከነተሳቢው የዚህ መስመር መለያ ሆነ። ረዳት ሆኖ ጀምሮ፣ ጎማ እየቀየረና ታኮ እያደረገ፣ በመጨረሻ መሪ የሚጨብጥ ወጣት ሙያውን የሚማረው ከቀደመው ሾፌር ነበር። በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በዛሬው ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ የጅማ መንገድ በአየር ጤና በኩል ይወጣል። የጅማን ቡና ወደ መርካቶ የሚያመጡ መኪናዎች መግቢያም ይኸው ነው። ተሰማ ወደ ጅማ በሄዱበት ጊዜ በበቅሎ የሚሄድበት አቅጣጫ በዕድሜያቸው ማብቂያ የጭነት መኪና የሚመላለስበት ሆኗል።

ቤተሰብ

ይድነቃቸው ተሰማ (እ.ኤ.አ. 1921 – 1987) የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ተጫዋች፣ እ.ኤ.አ. በ1962 የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣው ብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ፣ ከአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መሥራቾች አንዱና ከ1972 እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ ድረስ ፕሬዚዳንቱ ነበሩ።

ሞትና መታሰቢያ

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1964 አረፉ። የሸክላ ቀረጻቸው ለረጅም ጊዜ በጥቂት ሰብሳቢዎች እጅ ብቻ የሚገኝ ነበር። ሸክላ በቀላሉ የሚሰበር ከመሆኑም በላይ በተጫወተ ቁጥር ይፋቃል። ቀረጻው 100ኛ ዓመቱን ሲይዝ ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ የሙዚቃ ኅትመት 27ኛ ክፍል ሆኖ፣ የመጀመሪያዎቹን የኢትዮጵያ ሙዚቃ ቀረጻዎች መቶኛ ዓመት በማስመልከት በሲዲ ታትሟል። ስለዚህ በዘመናቸው ተነድተው ካለፉት መኪናዎች ይልቅ ድምፃቸው ዛሬ ሊሰማ ችሏል።