ስታይንሜትዝ፦ ከጋዜጣ እስከ ሞገድ

የዶርም ጓደኛዬ ኤሌክትሪካል ነው የሚማረው። ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ቻርጀር ባወራ ቁጥር ሃርሞኒክስ፣ ፓወር ፋክተር እያለ ያደናግረኛል። ትንሽ እንዲገባኝ ብዬ ማንበብ ስጀምር ያገኘሁት ግን የጋዜጣ ሰው ሆነና አረፈው፤ ቻርልስ ስታይንሜትዝ።

እ.ኤ.አ. በ1865 የዛሬዋ የፖላንድ ከተማ ቭሮትስዋፍ፣ ያኔ ብሬስላው፣ ውስጥ ጀርባው ጎብጦ ተወለደ። ተማሪ ሳለ የሶሻሊስት ጋዜጣ ያዘጋጅ ስለነበር ፖሊስ ሲፈልገው በ1888 ወደ ዙሪክ ሸሸ፤ ዲግሪውም ሳይሰጠው ቀረ። በ1889 ኒውዮርክ ሲደርስ አካሉን አይተው ሊመልሱት ነበር። ያዳነው አብሮት የተጓዘ ጓደኛው ነው።

በ1893 ቺካጎ ላይ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ በኮምፕሌክስ ቁጥር እንደሚሰላ አሳየ። በዚህ ስሌት ሥራ የሚሠራው ኃይልና እንዲሁ ሽቦው ላይ የሚመላለሰው ይለያሉ። ያ ተመላላሽ ሲበዛ መስመሩን በከንቱ ያጨናንቃል። በ1897 መጽሐፉ ደግሞ ስለ ሞገድ መዛባት ጽፏል። የጓደኛዬ ሃርሞኒክስ ለካ ይሄ ነው! ቻርጀር ተለዋዋጩን ወደ ቀጥተኛ ሲለውጥ ካልታረመ በስተቀር ኤሌክትሪኩን እየቆራረጠ ስለሚስብ ሞገዱ ይዛባል፤ መሐንዲሶች በማጣሪያና ሞገዱን በሚያስተካክል ሰርኪዩት ያርሙታል።

ስታይንሜትዝ ራሱ የ1914 ሞዴል ዲትሮይት ኤሌክትሪክ መኪና ነበረችው። በ1923 ስከነክታዲ ውስጥ ሞተ፤ መኪናዋ ግን ባስተማረበት ዩኒየን ኮሌጅ ተርፋለች። ይህን ለጓደኛዬ ስነግረው መጀመሪያ የጠየቀኝ ቻርጀሯ የት እንደደረሰ ነው።