ዊሊያም ጌይንስ

ዊሊያም ማክስዌል ጌይንስ (ከማርች 1 ቀን 1922 እስከ ጁን 3 ቀን 1992 እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊ የኮሚክ መጽሔት አሳታሚ ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ «ኢሲ ኮሚክስ» በተባለው ድርጅቱ ያወጣቸው የሳይንሳዊ ልብ ወለድ፣ የአስፈሪና የጭራቅ ታሪኮች ዛሬ አሮጌ ኮሚክ ሰብሳቢዎች አጥብቀው ከሚፈልጓቸው ውስጥ ናቸው። «ማድ» የተባለው የቀልድ መጽሔት አሳታሚም እሱ ነበር። መጽሔቶቹ በሕዝብ ፊት ተወግዘው ከገበያ ሲወጡ፣ ከእያንዳንዱ እትም ጥቂት ቅጂዎችን አሽጎ ማስቀመጡ ለብዙዎቹ መትረፍ ምክንያት ሆኗል። በዚህ ገጽ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

የአባቱ ሥራ

ጌይንስ የተወለደው በኒው ዮርክ ከተማ ነው። አባቱ ማክስ ጌይንስ የአሜሪካን ኮሚክ መጽሔት ከጀመሩት ሰዎች አንዱ ነው። በ1933 በኢስተርን ከለር ማተሚያ ቤት ሲሠራ፣ በእሑድ ጋዜጦች የወጡ የሥዕል ቀልዶች ተሰብስበው በትንሽ መጽሔት መልክ እንዲታተሙ ካደረጉት መካከል ነበር። እነዚህ መጽሔቶች መጀመሪያ የተዘጋጁት ፋብሪካዎች ለደንበኞቻቸው በስጦታ እንዲያድሏቸው ነው። ማክስ ግን በጥቂት ቅጂዎች ላይ የ10 ሳንቲም ዋጋ ለጥፎ በጋዜጣ መሸጫዎች ቢያስቀምጣቸው ወዲያው ተሸጠው እንዳለቁ ይተረካል። በኋላም «ዎንደር ውማን»ን ያወጣውን ኦል አሜሪካን የተባለ ድርጅት መሠረተ። ድርሻውን ከሸጠ በኋላ በመጽሐፍ ቅዱስና በታሪክ ላይ የተመሠረቱ የሥዕል መጽሔቶችን የሚያሳትም አነስተኛ ድርጅት አቋቋመ። የዚህም ስም «ኢሲ» ሆነ፤ ፊደላቱ «ትምህርታዊ ኮሚክስ» ለሚለው የቆሙ ናቸው።

አባትና ልጅ አይስማሙም ነበር። ማክስ ለልጁ ያለው ግምት ዝቅተኛ ነበር፤ ልጁም ወደ አባቱ ሥራ ለመግባት አላሰበም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በውትድርና ካገለገለ በኋላ የኬሚስትሪ መምህር ለመሆን በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ይማር ነበር። በኦገስት 1947 ግን ማክስ በሌክ ፕላሲድ ሐይቅ ላይ በደረሰ የሞተር ጀልባ ግጭት ሞተ። የ25 ዓመቱ ዊሊያምም ፈልጎት የማያውቀውንና በዕዳ የተዘፈቀውን ድርጅት ወረሰ።

ሳይንስና ጭራቅ

ጌይንስ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ሌሎች አሳታሚዎች የሚያወጡትን ከመከተል በቀር የተለየ ነገር አልሠራም፤ ወንጀል ሲሸጥ ወንጀል፣ ፍቅር ሲሸጥ ፍቅር ያሳትም ነበር። ለውጡ የመጣው በ1948 ሠዓሊና ደራሲ የሆነው አል ፌልድስታይን ሲቀላቀለው ነው። ሁለቱም በልጅነታቸው በሬዲዮ የሚተላለፉ አስፈሪ ድራማዎችን ይወዱ ነበር። በ1950 «ቴልስ ፍሮም ዘ ክሪፕት»፣ «ዘ ቮልት ኦፍ ሆረር» እና «ዘ ሆንት ኦፍ ፊር» የተባሉ ሦስት አስፈሪ መጽሔቶችን፣ እንዲሁም «ዊርድ ሳይንስ» እና «ዊርድ ፋንታሲ» የተባሉ ሁለት የሳይንሳዊ ልብ ወለድ መጽሔቶችን ጀመሩ። «ኢሲ» የሚሉት ፊደላትም ሳይለወጡ ትርጉማቸው «አዝናኝ ኮሚክስ» ሆነ።

አሠራራቸው ይህን ይመስል ነበር። ጌይንስ ክብደት ለመቀነስ የሚወስደው ክኒን እንቅልፍ ስለሚነሳው ሌሊቱን አጫጭር ልብ ወለዶችን ሲያነብ ያድራል። ጠዋት የታሪክ ሐሳቦችን በወረቀት ይዞ ይመጣል፤ ከፌልድስታይን ጋር ይከራከሩና አንዱን ይመርጣሉ፤ ፌልድስታይንም በዚያው ቀን ጽፎ ይጨርሰዋል። ይህ ዘዴ ከሌላ ሰው ሐሳብ ለመውሰድ በር የሚከፍት መሆኑ ግልጽ ነው። በ1952 የሬይ ብራድበሪን ሁለት ታሪኮች ሳያስፈቅዱ አዋህደው አንድ ታሪክ አደረጓቸው። ብራድበሪ ግን አልከሰሳቸውም፤ ክፍያውን ሳይረሱት እንዳልቀሩ ገልጾ በጨዋነት ጻፈላቸው። ጌይንስ ወዲያው ከፈለው፤ ከዚያ በኋላም በርካታ የብራድበሪ ታሪኮች በፈቃድና በስሙ በኢሲ ወጡ።

የሥዕሉ ጥራት ለኢሲ ትልቁ መለያ ነበር። ዋሊ ዉድ የሳለው የሮኬት ውስጠኛ ክፍል በሽቦ፣ በመቆጣጠሪያና በጥላ የተሞላ ነው፤ ግሬሃም ኢንግልስ የሚስላቸው የበሰበሱ ሬሳዎች ደግሞ ከወረቀቱ የሚንጠባጠቡ ይመስላሉ። አል ዊሊያምሰን፣ ፍራንክ ፍራዜታ፣ ጃክ ዴቪስና ጆ ኦርላንዶም ለድርጅቱ ሠርተዋል። ጌይንስ ሁሉም በአንድ ዓይነት ዘይቤ እንዲስሉ አያስገድድም ነበር። በስማቸው እንዲፈርሙም ይፈቅድ ነበር፤ ይህ በጊዜው የተለመደ አልነበረም።

ሳይንሳዊ ልብ ወለዶቹ የአስፈሪዎቹን ያህል አልተሸጡም። ጌይንስ ይበልጥ የሚኮራባቸው በእነሱ ስለነበር አስፈሪዎቹ በሚያስገቡት ገንዘብ አቆያቸው። በ1954 ሁለቱን አዋህዶ አንድ መጽሔት አደረጋቸው፤ በ1955 ደግሞ ስሙ «ኢንክሬዲብል ሳይንስ ፊክሽን» ተባለ።

በሴኔት ፊት

ኮሚክ ልጆችን ያበላሻል የሚለው ክስ ከኢሲ በፊት የተጀመረ ነው። በ1948 በአንዳንድ የአሜሪካ ከተሞች ተማሪዎች ኮሚክ መጽሔቶችን ሰብስበው በአደባባይ አቃጥለዋል። በ1954 የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ፍሬድሪክ ወርትሃም ኮሚክ ለወጣቶች ወንጀል መንስኤ ነው የሚል መጽሐፍ አወጣ፤ የአሜሪካ ሴኔት ንዑስ ኮሚቴም ጉዳዩን በኒው ዮርክ ከተማ መመርመር ጀመረ።

ጌይንስ ማንም ሳያስገድደው ቀርቦ ለመናገር ጠየቀ። ኤፕሪል 21 ቀን 1954 ከሰዓት በኋላ፣ ወርትሃም ከተናገረ በኋላ ተራው ደረሰው። ወርትሃም ከጠቀሳቸው ታሪኮች አንዱ የኢሲ ሲሆን፣ የዘር ጥላቻን ያስተምራል ብሎ ነበር። ጌይንስ ታሪኩ የተጻፈው ጥላቻ ምን ያህል ክፉ እንደሆነ ለማሳየት መሆኑን አስረዳ፤ በዚህ ነጥብ ላይ እውነቱ ከእሱ ጋር ነበር። ሆኖም የክኒኑ ኃይል እያለቀ፣ ድካሙም እየከበደው ሄደ። ሴናተር ኢስተስ ኬፋቨር የ«ክራይም ሰስፔንስቶሪስ» ቁጥር 22ን ሽፋን አሳየው። በሽፋኑ ላይ አንድ ሰው በአንድ እጁ መጥረቢያ፣ በሌላው የተቆረጠ የሴት ራስ ይዞ ይታያል። ይህ ጥሩ ጣዕም አለው ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ለአስፈሪ ኮሚክ ሽፋን አለው ብሎ መለሰ፤ ራሱ ከፍ ተደርጎ ደሙ ከአንገቱ ሲንጠባጠብ ቢታይ ኖሮ ግን መጥፎ ይሆን እንደነበር ጨመረ። መልሱ በማግስቱ በኒው ዮርክ ታይምስ የፊት ገጽ ወጣ። ከሌላው ንግግሩ ሕዝቡ ያስታወሰው ነገር ጥቂት ነው።

አሳታሚዎች መንግሥት ሕግ ከማውጣቱ በፊት ራሳቸው የኮሚክስ ኮድ የተባለ የቅድመ ምርመራ ቢሮ አቋቋሙ። ማኅተሙ የሌለበትን መጽሔት አከፋፋዮችና ሻጮች አይቀበሉም ነበር። ደንቡ በመጽሔት ርዕስ ላይ «አስፈሪ» እና «ሽብር» የሚሉ ቃላት እንዳይገቡ ስለከለከለ፣ ጌይንስ አስፈሪ መጽሔቶቹን ዘጋ።

የጥቁሩ ጠፈርተኛ

ከኮዱ ጋር የነበረው የመጨረሻ ግጭት በሳይንሳዊ ልብ ወለድ ምክንያት መጣ። ለ«ኢንክሬዲብል ሳይንስ ፊክሽን» ቁጥር 33 የተዘጋጀ አንድ ታሪክ በመርማሪዎቹ ውድቅ ሲደረግ፣ በምትኩ በ1953 በ«ዊርድ ፋንታሲ» የወጣውን «ጀጅመንት ደይ» (የፍርድ ቀን) እንደገና ለማተም ተወሰነ። ጽሑፉ የፌልድስታይን፣ ሥዕሉ የኦርላንዶ ነው። ታሪኩ ከምድር የተላከ አንድ ተቆጣጣሪ ሮቦቶች የሚኖሩባትን ፕላኔት ሲጎበኝ ያሳያል። ብርቱካናማዎቹና ሰማያዊዎቹ ሮቦቶች ከውጭ ቀለማቸው በቀር ምንም ልዩነት የላቸውም፤ ይሁንና ሰማያዊዎቹ በተለየ ሰፈርና በዝቅተኛ ሥራ ተወስነዋል። ተቆጣጣሪው ፕላኔቷ ወደ ጋላክሲው ኅብረት ለመግባት ገና ናት ብሎ ይመለሳል። በመጨረሻው ሥዕል የራስ ቁሩን ሲያወልቅ ጥቁር ሰው መሆኑ ይታያል።

የኮዱ ኃላፊ ዳኛ ቻርልስ መርፊ ጠፈርተኛው ጥቁር መሆን የለበትም አለ። ይህ ከተደረገ ታሪኩ ምንም አይቀረውም። ጌይንስ ጉዳዩን በሕዝብ ፊት አወጣዋለሁ፣ በፍርድ ቤትም እከሳለሁ ብሎ አስጠነቀቀ፤ መርፊም በሰውየው ፊት ላይ የሚታየው ላብ እንዲጠፋ ብቻ ጠየቀ። ጌይንስ ይህንንም አልተቀበለም። ታሪኩ አንድም መስመር ሳይለወጥ በ1956 መጀመሪያ ታተመ፤ ያ እትም የኢሲ የመጨረሻው ኮሚክ መጽሔት ሆነ።

«ማድ»

በ1952 በሃርቪ ከርትዝማን አዘጋጅነት የተጀመረው «ማድ» በ1955 ከኮሚክ ወደ ተራ መጽሔትነት ስለተቀየረ ኮዱ አልነካውም። ከርትዝማን በ1956 የባለቤትነቱን አብላጫ ድርሻ ጠይቆ ሲከለከል ለቀቀ፤ ፌልድስታይንም ተተካ። «ማድ» በ1970ዎቹ ከ2 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ይሸጥ ነበር፤ በጌይንስ ዘመንም ከ1957 ጀምሮ ማስታወቂያ አልተቀበለም። ጌይንስ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ድርጅቱን ቢሸጥም እስከ ሞቱ ድረስ አሳታሚ ሆኖ ቆየ። ባልደረቦቹን በራሱ ወጪ ወደ ውጭ አገር ይወስዳቸው ነበር። በ1960 የመጀመሪያው ጉዞ በሄይቲ፣ ደንበኝነቱን ያላደሰውን የአገሪቱን ብቸኛ ደንበኛ ቤቱ ድረስ ሄደው እንዲያድስ ለመኑት። በቢሮው ጣሪያ የዜፕሊን አየር መርከብ ሞዴሎች ይንጠለጠሉ ነበር፤ የኪንግ ኮንግ ግዙፍ ጭንቅላትም በመስኮቱ ያፈጥ ነበር።

ለጋስነቱ ግን ወሰን ነበረው። የሥዕሎቹና የጽሑፎቹ መብት በሙሉ የድርጅቱ ነበር፤ መጽሔቱ በድጋሚ ሲታተም ሠዓሊዎቹ ድርሻ አያገኙም ነበር። ብዙዎች የሚወቅሱት በዚህ ነው፤ ወቀሳውም ተገቢ ነው።

የታሸጉት ቅጂዎች

በ1950ዎቹ ኮሚክ መጽሔት ተነቦ የሚጣል ነገር ነበር። የሚታተመው በርካሽ የጋዜጣ ወረቀት ስለሆነ ብርሃንና አየር ሲያገኘው ይቢጫል፣ ቆይቶም ይሰባበራል። ወላጆች የጣሏቸው፣ በእሳት የተቃጠሉትም ብዙ ናቸው። ጌይንስ ግን ከማተሚያ ቤት አዲስ እንደወጡ ከእያንዳንዱ እትም እስከ 12 የሚደርሱ ቅጂዎችን እየለየ ጠቅልሎ በማሸግ በጨለማ ቦታ አከማቸ። የመጀመሪያዎቹን የቀለም ሥዕሎችም አስቀመጠ፤ ሌሎች አሳታሚዎች ግን እነዚህን ብዙ ጊዜ ይጥሏቸው ወይም ያድሏቸው ነበር።

የፊዚክስ መምህር የነበረው ሰብሳቢ ራስ ኮክራን ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የኢሲን መጽሔቶች በትልልቅ ጥራዞች እንደገና አሳተመ፤ በጌይንስ ፈቃድም የመጀመሪያዎቹን ሥዕሎች በጨረታ ሸጠ። ከሽያጩ ለሠዓሊዎቹም ድርሻ ደረሳቸው። የታሸጉት መጽሔቶች ራሳቸው ተከፍተው ለሰብሳቢዎች መሸጥ የጀመሩት በጌይንስ ሕይወት መጨረሻ ገደማ ነው። ወረቀታቸው አርባ ዓመት ያለፈበት አይመስልም ነበር። ዛሬ በገበያ ላይ «የጌይንስ ፋይል ቅጂ» ተብለው በተለየ ምልክት ይታወቃሉ፤ ከሌሎች ቅጂዎችም እጅግ ይወደዳሉ።

ጌይንስ በ70 ዓመቱ በኒው ዮርክ መኖሪያ ቤቱ ሞተ።

እነዚህን መጽሔቶች ለሚሰበስብ ጀማሪ አንድ ነገር ግር ይለዋል። ጌይንስ ለአዲስ መጽሔት የሚጠየቀውን የፖስታ ክፍያ ለማስቀረት «ዊርድ ሳይንስ»ን ከአንድ የፍቅር መጽሔት ቁጥር አስቀጥሎ በ12 ጀመረው፤ ፖስታ ቤቱ ሲቃወም ከአምስተኛው እትም ጀምሮ ወደ ትክክለኛው ቁጥር ተመለሰ። ስለዚህ ከ12 እስከ 15 ያሉት ቁጥሮች ሁለት ሁለት ናቸው፤ በ«ዊርድ ፋንታሲ»ም ከ13 እስከ 17 ያሉት እንዲሁ። የ1950ና የ1951ዱን ከ1952ና ከ1953ቱ ለመለየት ቁጥሩን ሳይሆን ዓመቱን ማየት ያስፈልጋል።