ከቅኔ ቤት እስከ ግዞት፦ የአቤ ጉበኛ ሕይወትና የጽሑፍ ነጻነት ወሰን

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የንግግርና የፕሬስ ነጻነትን ሲያረጋግጥ፣ ነጻነቱ በሕግ መሠረት የሚፈጸም መሆኑንም አክሎ ደንግጓል። ይህ አጭር ሐረግ በተግባር ምን ያህል ሰፊ እንደ ነበረ የጎጃሙ ደራሲ የአቤ ጉበኛ ሕይወት ያሳያል።

አቤ በ1920ዎቹ አጋማሽ፣ ርእሰ ከተማው ደብረ ማርቆስ በነበረው የጎጃም ጠቅላይ ግዛት፣ አቸፈር ውስጥ ቆረንጭ አቦ በተባለ ሥፍራ ተወለደ። ቅኔን ጨምሮ የቤተ ክህነት ትምህርት ተማረ። ዘመናዊ ትምህርትም ከተከታተለ በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ በጋዜጠኝነት ሠራ። በመጨረሻም የመንግሥት ሥራውን ትቶ በብዕሩ ገቢ ለመኖር ወሰነ፤ ይህን የደፈሩት በዘመኑ ጥቂቶች ነበሩ።

ያደገበት የቅኔ ባህል ለትችት የራሱ መጠለያ አለው። ተቀኚው ባለሥልጣንን ሲነቅፍ ወርቁን በሰም ይሸፍናል፤ የተነቀፈውም ሰሙን ብቻ እንደ ሰማ ሆኖ ማለፍ ይችላል። የታተመ ልብ ወለድ ግን የደራሲውን ስም በሽፋኑ ተሸክሞ በብዙ ሰው እጅ ስለሚገባ ይህ መሸሻ የለውም።

«አልወለድም» የታተመው በ1955 ዓ.ም.፣ ከታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ገዥዎች በተጠራጠሩበት ወቅት ነው። በማኅፀን ሳለ ግፍ ወደ ሞላበት ዓለም አልመጣም የሚለው ባለታሪክ፣ ከተወለደ በኋላ ያንኑ ግፍ ይታገላል። መጽሐፉ ታገደ። ደራሲውም በጽሑፎቹ ሰበብ ወደ ኢሉባቦር፣ ጎሬ በግዞት ተላከ።

በእገዳውና በግዞቱ መካከል ያለው ልዩነት ትኩረት ይሻል። እገዳ የሚያርፈው በጽሑፉ ላይ ሲሆን ግዞት የሚያርፈው በሰውየው ላይ ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በጽሑፍ ለሚፈጸም ጥፋት ክስን፣ መከላከያንና ፍርድን የሚጠይቅ መንገድ ነበረው። ግዞት በአንጻሩ በባሕርዩ የአስተዳደር ትእዛዝ ነው፤ የተጋዘው ሰው የተላለፈውን ድንበር ጠይቆ የሚከራከርበት ችሎት የለውም። ድንበሩ ካልታወቀ ደግሞ ሌሎች ጸሐፍት ከሚገባው በላይ ርቀው መቆምን ይማራሉ።

አቤ ከግዞት በኋላም መጻፉን አልተወም። በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ዓለም አቀፍ የጸሐፍት ፕሮግራምም ተሳትፏል። በ1972 ዓ.ም. ሲያርፍ ንጉሣዊው ሥርዓት ወድቆ ነበር፤ ሳንሱር ግን አልወደቀም። ቅድመ ምርመራ በሕግ የቀረው በፕሬስ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 34/1985 ሲሆን፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29ም ክልከላውን አጽንቷል። ይኸው አንቀጽ የወጣቶችን ደኅንነትና የሰውን ክብር ለመጠበቅ ገደብ በሕግ ሊጣል እንደሚችል ይደነግጋል።

ስለዚህ የገደብ መኖር ብቻውን የ1948ቱን ድንጋጌ ከዛሬው አይለየውም። የነጻነቱ መመዘኛ ገደቡን የሚያሰምረው ማን እንደ ሆነና ጸሐፊው የት ቆሞ ሊሞግተው እንደሚችል ነው። ለአቤ ይህ ሥፍራ አልነበረም።