ታይቺ ኦኖ
ታይቺ ኦኖ (1912–1990 እ.ኤ.አ.) የቶዮታን የአመራረት ሥርዓት የቀረጹ ጃፓናዊ የኢንዱስትሪ መሐንዲስ ነበሩ። በቻይና ዳልያን ከተማ ተወልደው፣ በ1932 በቶዮዳ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጠሩ፤ በ1943 ወደ መኪና ፋብሪካው ተዛወሩ።

በ1950 ቶዮታ ለኪሳራ ተቃርቦ ሠራተኞች ሲቀነሱ ኦኖ እዚያው ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በመጋዘን የተከመረ ዕቃ ለእርሳቸው ብክነት ነበር። መፍትሔውን የቀዱት፣ የሚገርመው፣ ከመኪና ፋብሪካ ሳይሆን ከአሜሪካ ሱፐርማርኬት ነው፦ ደንበኛው ያነሣው ያህል ብቻ መደርደሪያው ላይ ይተካል። በዚህም መሠረት እያንዳንዱ የሥራ ክፍል የሚያስፈልገውን ዕቃ፣ በሚያስፈልገው ጊዜና መጠን፣ ካንባን በተባለ ካርድ ከቀዳሚው ክፍል ይጠይቃል። መጠባበቂያ ክምችት ስለሌለ አንድ ብልሹ ዕቃ ሥራውን ሁሉ ያውካል፤ ስለዚህ ጉድለት ያየ ሠራተኛ መስመሩን እንዲያስቆም ተፈቀደለት። አሠራሩ ቆይቶ ወደ ዕቃ አቅራቢዎችም ተስፋፋ። ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ ቶዮታ ቶሎ ሲያገግም ሌሎች የጃፓን ኩባንያዎች ሥርዓቱን ማጥናት ጀመሩ።