ፍራንክሊን ሩዝቬልትና የኒውዮርክ አገረ ገዥነት ምርጫ

ተማሪዎች፣ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩትን የፍራንክሊን ሩዝቬልትን ስም በታሪክ ትምህርታችሁ ሳትሰሙ አልቀራችሁም። በ1945 በስዊዝ ቦይ፣ በአንዲት የጦር መርከብ ላይ ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጋር የተነጋገሩት እኒሁ ሰው ናቸው። (የምንባቡ ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ይሁን እንጂ ወደዚያ ሥልጣን የወሰዳቸው መንገድ በአንድ ሌሊት ሊዘጋ ጥቂት ቀርቶት እንደ ነበር ታውቃላችሁን?

ሩዝቬልት በ1882 በኒውዮርክ ክፍለ ግዛት ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወለዱ። በ39 ዓመታቸው ድንገት ታመሙ፤ ሐኪሞችም በሽታው የልጅነት ልምሻ መሆኑን አረጋገጡ። ስሙ እንዲህ ይሁን እንጂ ደዌው ለዐዋቂም አይመለስም። ሁለት እግሮቻቸው ከዳቸው። ከዚያ ወዲህ እንደ ገና ለመራመድ በመመኘት ጆርጂያ ውስጥ ዋርም ስፕሪንግስ በተባለ የፍል ውሃ ሥፍራ ይታከሙ ጀመር።

በ1928 የኒውዮርክ አገረ ገዥ አል ስሚዝ ለፕሬዚዳንትነት በመወዳደራቸው ወንበሩ ባለቤት አጣ። የፓርቲው መሪዎች ሩዝቬልትን ለመኑ። እርሳቸው ግን ሕክምናቸውን ማቋረጥ ስላልፈለጉ እምቢ አሉ፤ በብዙ ውትወታ ተሸነፉ እንጂ። ተፎካካሪያቸው የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ አልበርት ኦቲንገር ነበሩ።

ተቃዋሚዎች በሽተኛ ሰው ለውድድር ቀረበ ብለው ተቹ። ሩዝቬልት እግሮቻቸውን በብረት ድጋፍ አስረው፣ በመኪና ከከተማ ወደ ከተማ እየዞሩ፣ ቆመው ንግግር አደረጉ። እስቲ በዐይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱ፦ አንድ ጊዜ አዳራሹ በሕዝብ በመጨናነቁ ሰዎች ተሸክመዋቸው ለእሳት አደጋ መውጫ በተሠራው የውጭ ደረጃ አወጧቸው። እርሳቸውም ልብሳቸውን አስተካክለው ፈገግ እያሉ ወደ መድረኩ ገቡ።

በምርጫው ሌሊት ስሚዝ በገዛ ክፍለ ግዛታቸው እንኳ መሸነፋቸው ታወቀ። ሩዝቬልትም የተሸነፉ መስሏቸው ወደ ቤታቸው ሄደው ተኙ። ከመተኛታቸው በፊት ግን ከሰሜናዊ ወረዳዎች የሚላከው ቆጠራ መዘግየቱ ስላላማራቸው ለየአካባቢው የጸጥታ ሹማምንት ስልክ ደውለው አስጠነቀቁ። እናታቸው ሣራ ሳይተኙ ውጤቱን ሲጠባበቁ ዐደሩ። ሊነጋጋ ሲል ሚዛኑ ወደ ሩዝቬልት አዘነበለ። ከ4 ሚሊዮን በላይ ድምፅ ተሰጥቶ ልዩነቱ 25 ሺህ ያህል ብቻ ሆነ፤ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ከ700 ሺህ በሚበልጥ የድምፅ ብልጫ እንደ ገና ተመረጡ፤ በ1932 ደግሞ ለፕሬዚዳንትነት ተመረጡ። ያለ ድጋፍ መራመድ ግን እስከ መጨረሻው አልቻሉም። ዐፄ ኃይለ ሥላሴን በተገናኙ በሁለተኛው ወር፣ በዚያው በዋርም ስፕሪንግስ ዐረፉ።