የፈላስፋው የቶማስ ሆብስ ታሪክ

ስለ መንግሥት ከጻፉት የአውሮፓ ሊቃውንት መካከል እንደ ቶማስ ሆብስ የተነቀፈ ጥቂት ነው። እኛ ታሪኩን ለመጻፍ የተነሣነው ሐሳቡን ሁሉ ተቀብለን ሳይሆን፣ ሕግና ፖለቲካ እንዴት እንደሚገናኙ ኑሮው ራሱ ስለሚያሳይ ነው። ዓመታቱን የጻፍናቸው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሆብስ በ1588 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በማምስበሪ ከተማ አጠገብ ተወለደ። አባቱ ቄስ ነበሩ፤ ዳሩ ግን ከሌላ ቄስ ጋር ተደባድበው ከአገሩ ጠፉ። ለልጁ ትምህርት ገንዘብ የከፈለለት የእጅ ጓንት ሠሪ የነበረው አጎቱ ነው። ኦክስፎርድ ተምሮ በ1608 በካቨንዲሽ መኳንንት ቤት አስተማሪ ሆኖ ገባ።

በዚያ ዘመን ትልቁ ክርክር ንጉሥ ከሕግ በላይ ነው ወይስ ከሕግ በታች የሚል ነበር። ዳኛው ኤድዋርድ ኮክ ንጉሥም በሕግ ሥር ነው ብሎ በመከራከሩ ከንጉሡ ጋር ተጣልቶ በ1616 ከሹመቱ ተሻረ። በኋላም ንጉሥ ቻርልስ አንደኛና ፓርላማው ሲጣሉ፣ ለንጉሡ ሥልጣን የጻፈው ሆብስ ፈርቶ በ1640 ወደ ፓሪስ ሸሸ። በ1642 የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ፤ ንጉሡም በ1649 ተፈርዶባቸው አንገታቸው ተቆረጠ። ሌቪያታን የተባለው መጽሐፍ በ1651 የታተመው ይህ ደም ሳይደርቅ ነው።

የመጽሐፉ ትምህርት ይህ ነው። መንግሥት በሌለበት ሰው ለሰው ጠላት ነው፤ ስለዚህ ሰዎች ተስማምተው ሥልጣናቸውን ለአንድ ገዥ ይሰጣሉ፤ ገዥው ንጉሥም ሸንጎም ሊሆን ይችላል። ሕግ ማለት የገዥው ትእዛዝ ነው፤ ገዥው ግን ባወጣው ሕግ አይታሰርም። እንግዲህ ገዥው ራሱ ቢበድል ለማን አቤት ይባላል? በሆብስ ዘንድ አቤት የሚባልበት ዳኛ የለም። ይህ መልስ እኛን አላረካንም። ሆኖም አንድ ነገር አስቀርቷል፤ ማንም ሰው ነፍሱን የማዳን መብቱን ለገዥ አሳልፎ አይሰጥም። በ1640 የሸሸ ሰው ይህን መርሳት አይችልም ነበር!

ቻርልስ ሁለተኛ በ1660 ሲነግሡ ሆብስን አልረሱትም፤ በፓሪስ ሒሳብ አስተምሯቸው ነበርና ጡረታ ቆረጡለት። ነገር ግን ለንደን በ1665 በወረርሽኝ፣ በ1666 በእሳት ስትጠቃ የእግዚአብሔር ቁጣ ነው የሚሉ በዙ፤ የእንደራሴዎች ምክር ቤትም ሌቪያታንን በስም ጠርቶ ክሕደትን የሚያስተምሩ መጻሕፍት እንዲመረመሩ አዘዘ። ያን ጊዜ ሆብስ ዕድሜው 78 ነበር። እንግዲህ ምን አደረገ? ሕግን ገልጦ ተከራከረ! መናፍቃንን ይዳኝ የነበረው ከፍተኛ የሃይማኖት ሸንጎ በ1641 ስለ ፈረሰ፣ እርሱን በኑፋቄ የሚከስ ፍርድ ቤት በእንግሊዝ አገር እንደሌለ ጻፈ። በነዚሁ ዓመታት ገደማ ደግሞ ኮክን በመቃወም፣ ሕግን ሕግ የሚያደርገው የገዥ ሥልጣን እንጂ የዳኞች ጥበብ እንዳልሆነ ሌላ መጽሐፍ ይጽፍ ነበር። እኛ ሁለቱን ሐሳቦች አስታርቀን ለማንበብ ሞክረናል፤ የተጻፈ ሕግ እስኪሻር ድረስ የገዥው ቃል ነውና ሆብስ በቃሉ ሙግት እንደ ገጠመ ቈጠርነው። ይሁን እንጂ ያን ቀን ያስፈለገው ጋሻ ኮክ የሚወደው ዓይነት ጋሻ ነበር።

ሕጉ ሳይጸድቅ ቀረ። ሆብስ የእርስ በርሱን ጦርነት ታሪክ ጽፎ ለንጉሡ ቢያቀርብ ግን እንዳይታተም ከለከሉት፤ እርሱም ታዘዘ። በታኅሣሥ 1679 ዓ.ም. በ91 ዓመቱ በካቨንዲሾች ቤት ዐረፈ። ከአራት ዓመት በኋላ በ1683 የተማረበት የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሌቪያታንን አውግዞ በግቢው ውስጥ አቃጠለው።